ወባ የለም ከተባለ በኋላ

(በሐሙሲት ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



የከተማችን ስም ራሱ የገበያዋን ቀን ይናገራል። ዛሬም ሐሙስ ነውና ረጅም ንግግር እንደማያስቀምጣችሁ አውቃለሁ። ሩዙን ያልሸጠ አለ፣ ጨው ያልገዛ አለ፣ ባጃጅ ያስቆመ አለ። ቢሆንም ትንሽ ታገሡኝ።

ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ደም ስመረምር ኖሬያለሁ። ይህን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ይተኙበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ወባ ይነሣበታል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ የላቦራቶሪው በር ላይ ሰልፉ አጥሩን ይዞራል። ጣት ትወጋለህ፣ ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ ደም ትቀባለህ፣ ጊምሳ የሚባል ቀለም ታፈስሳለህ፣ ዘይት ጠብ ታደርጋለህ፣ ታያለህ። ከዚያ «ወባ አለ» ወይም «ወባ የለም» ብለህ ትጽፋለህ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት «ወባ የለም» ከተባለ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ከአንድ ወጣት ልጀምር። ከጉማራ ማዶ የመጣ ሩዝ አራሽ ነው። «ታሪኬን ተናገር፣ ስሜን ግን ተወው» ብሎኛልና ዛሬ መካከላችሁ ተቀምጦ ባየውም እንዳላየሁት አልፈዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጣ ትኩሳትና ድካም ነበረበት። ደሙን አይቼ «ወባ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ አሁንም የለም። ተስፋ ቆርጦ ከመድኃኒት ቤት የወባ ክኒን ገዝቶ ዋጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ሱሪው ከወገቡ አልይዝ ብሏል፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዶ ነበር።

የዚያን ቀን ስላይዱን ሳይ እጄ ቆመ። የወባ መርማሪ ዓይን የሚያድነው ተውሳኩን ነው። ነጭ የደም ሴል ለእኛ የመቁጠሪያ ጠጠር ነው፤ 200 ነጭ ሴል እስክንቆጥር ስንት ተውሳክ አገኘን ብለን የወባውን ብዛት እናሰላለን። በጤነኛ ሰው ስላይድ ላይ እነዚህ ጠጠሮች እዚህም እዚያም ተበታትነው ይታያሉ። የወጣቱ ስላይድ ግን ከዳር እስከ ዳር ጠጠር ብቻ ነበር፤ ሰፌድ ላይ እንደ ተሰጣ ተልባ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ለቁጥጥር ካስቀመጥናቸው ስላይዶች መካከል የቀድሞዎቹን ሁለቱን ፈልጌ አወጣሁ። ያው ነጠብጣብ በሁለቱም ላይ ነበር። ጽሑፌ ልክ ነበር፤ ወባ አልነበረበትም። እኔ ግን የተጠየቅሁትን ብቻ አይቼ የቀረውን ሳላየው አልፌያለሁ።

በሽታው የደም ካንሰር ነበር። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚያ ስላይድ የመጣ ነው። የደም ካንሰር በአገራችን ብዙ ሰው የሚወስድብን በሁለት በር ገብቶ ነው። አንዱ መዘግየት ነው፤ ሁለተኛው ጀምሮ ማቋረጥ። ሐኪሞች ብቻቸውን እነዚህን ሁለት በሮች ሊዘጉልን አይችሉም። ቁልፉ ያለው በየቤታችን፣ በየጤና ኬላችንና በየዕድራችን ነው።

መቅኔ ውስጥ ምን ይሆናል?

ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው፤ በሬ ሲታረድ አጥንት ሰብራችሁ የምትመጠምጡት ያ ለስላሳ ነገር። በአዋቂ ሰው ላይ ሥራው የሚበዛው በዳሌ፣ በአከርካሪና በደረት አጥንት ውስጥ ነው። እኔና እናንተ እዚህ ተቀምጠን ሳለ መቅኔያችን በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቀይ የደም ሴል ያወጣል። ቀይ ሴል አየር ተሸክሞ ወደ 120 ቀን ይኖራል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ዕድሜው ከ10 ቀን አይዘልም። ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ ሴሎች ልዩ ልዩ ናቸው፤ ገሚሶቹ ከአንድ ቀን አያልፉም፣ ገሚሶቹ ዓመታት ይኖራሉ። ስለዚህ መቅኔ ለአንድ ሳምንት እንኳ ሥራ ቢያቆም ሰውነት ወዲያው ያውቀዋል።

የደም ካንሰር የሚጀምረው ከነዚህ ሴሎች አንዷ ላይ ነው። አንዷ ሴል ተፈጥሮዋ ይዛባና ሳትበስል ትራባለች፤ መሞት በሚገባት ጊዜም አትሞትም። ልጆቿም እንደ እሷ ናቸው። ቀስ በቀስ መቅኔውን ይሞሉታል፤ ለሌላው ቦታ አይተዉለትም። ቀይ ሴል ሲያንስ ሰውየው ይገረጣል፣ ዳገት ያቅተዋል። ፕሌትሌት ሲያንስ ድዱ ይደማል፣ ይነስረዋል፣ ሳይመታ ቆዳው ላይ እንደ በለዝ ያለ ምልክት ይወጣል። ነጭ ሴሉ ደግሞ በቁጥር ቢበዛም ሥራ የሚሠራው ጥቂት ነውና ትንሹ ጉንፋን ይጥለዋል። ጤነኛ ሰው በአንዲት ቅንጣት ደም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ውስጥ፣ ከ4,000 እስከ 11,000 ነጭ ሴል አለው። በአንዳንዱ የደም ካንሰር ከ100,000 በላይ ይደርሳል።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሆ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1845 በርሊን ውስጥ ገልጾ ጻፈ። ቆየት ብሎም «ነጭ ደም» የሚል ትርጉም ያለውን ሉኪሚያ የሚለውን ስም አወጣለት። ዛሬ የደም ካንሰር ስንል ሦስት ቤተሰቦችን እንጠራለን። ከመቅኔ ተነሥቶ ደም ውስጥ የሚሞላው ሉኪሚያ ነው። ንፍፊቶችን የሚያሳብጠው ሊምፎማ ነው። አጥንት የሚቦረቡረውና ብዙ ጊዜ ዕድሜ የገፋ ሰው የሚይዘው ማየሎማ ነው። ሉኪሚያ ራሱ አጣዳፊና ዝግተኛ ተብሎ ይለያል፤ አጣዳፊው በሳምንታት ውስጥ ይጥላል፣ ዝግተኛው ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል።

አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር፤ ይህ በሽታ አይተላለፍም። በአንድ ማዕድ ብትበሉ፣ በአንድ ዋንጫ ብትጠጡ፣ በአንድ አልጋ ብትተኙ አይዝም። ቡዳ አይደለም፣ መተትም አይደለም፣ የእናት ወይም የአባት ኃጢአት ዕዳም አይደለም። ብርጭቆው ተለይቶ የተቀመጠበት በሽተኛ አውቃለሁ። በሽታው ካደከመው ይልቅ ያ ብርጭቆ ያደከመው ይመስለኛል።

ሊቦ ከምከም ያስተማረን

ጣፊያ ያበጠበትን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ማለት በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ያስከፈለን ዋጋ ግን ሩቅ አይደለም። በጎረቤታችን በሊቦ ከምከም ሰዎች በትኩሳት እየመነመኑ ጣፊያቸው ሲያብጥ «መድኃኒት የለመደ ወባ ነው» ተብሎ ነበር። የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልዳኑም። እውነተኛው ስሙ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ቀድሞ የምናውቀውም ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ከወረዱ የቀን ሠራተኞች ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የሕክምና ማዕከል ከፈተ። ወረርሽኙም ሊቦ ከምከምን አልፎ እዚሁ ፎገራ ደረሰ። ከታከሙት ግማሾቹ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ። ስሙ ታውቆ ሕክምና ካገኙት መካከል የሞቱት ከመቶ 4 ብቻ ናቸው። ካላዛር ሳይታከም ሲቀር ግን የያዘውን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የበሽታውን ስም በጊዜ ማወቅ ነው።

የደም ካንሰርም በዚያው በር ይገባል። ጣፊያው ያው ነው፣ ትኩሳቱ ያው ነው፣ ድካሙም ያው ነው። አሁን ደግሞ በየጤና ኬላው ፈጣን የወባ ምርመራ አለ። እሰየው፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ የተጠየቀችውን ብቻ ነው የምትመልሰው። ወባ መኖሩን ትነግራለች እንጂ ነጭ ሴል በዛ፣ ቀይ ሴል አነሰ አትልም። ስላይድ ሲቀር እንደኔ ያለው ሰው ሳያስበው ሊያየው የሚችለውም ነገር አብሮ ቀርቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቀ፣ ወይም የወባ መድኃኒት በሥርዓቱ ተወስዶ ካልመለሰው፣ «የደም ቆጠራ እዘዙልኝ» በሉ። ሲቢሲ የሚሉት ምርመራ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም። በግራ ሆድ በኩል ክብደት የሚሰማው፣ ያለ ምክንያት የሚደማ፣ ሌሊት ልብሱ እስኪርስ የሚያልበው፣ አንገቱ ወይም ብብቱ ሥር ንፍፊቱ ከወር በላይ አብጦ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ምርመራ ይጠይቅ። ሕፃን ልጅ ሲሮጥ ኖሮ በድንገት አጥንቴን አመመኝ ብሎ እግሩን መጎተት ከጀመረም «ወድቆ ይሆናል» ብላችሁ አትተዉት።

መድኃኒት ቤት ላላችሁም አደራ አለኝ። ምንነቱ ላልታወቀ ትኩሳትና እብጠት ዴክሳሜታዞን አትውጉ፣ ፕሬድኒሶሎን አትስጡ። እነዚህ መድኃኒቶች ሉኪሚያንና ሊምፎማን ለጥቂት ሳምንት ያስተኛሉ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ምልክቱ ጠፍቶ ይገኛል። በሽታው ሲመለስ ግን ቀድሞ ከነበረው በርትቶ ይመለሳል።

እንቦጩና ክኒኑ

«የደም ካንሰር መድኃኒት የለውም» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1947 ድረስ እውነት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በቦስተን የነበረው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ሉኪሚያ የያዛቸውን 16 ልጆች በአዲስ መድኃኒት አክሞ 10ሩ ለጥቂት ጊዜ እንደተሻላቸው ጻፈ። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በሽታው ተመልሶባቸዋል። ቢሆንም አይከፈትም የተባለ በር ያን ጊዜ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች ተጨመሩ። ከነዚህ አንዱ ቪንክሪስቲን ነው፤ የሚወጣው መነሻዋ ማዳጋስካር ከሆነች፣ ዛሬ ለጌጥ በየግቢው ከምትተከል ሮዝ ቀለም ያላት አበባ ነው። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች በልጆች ላይ በሚታየው የሊምፍ አጣዳፊ ሉኪሚያ 10 ልጆች ቢያዙ 9ኙ ይድናሉ።

ታዲያ ሕክምናው ለምን ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል? ይህን ለጣና ሰው ማስረዳት አይቸግረኝም። ጣናን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን፣ ታውቁታላችሁ። በእጅ ነቅላችሁታል፣ በጀልባ ጎትታችሁታል፣ ወጥታችሁ ዘምታችሁበታል። ውኃው ጠርቶ «ጨረስነው» ባላችሁ በዓመቱ ተመልሶ አያችሁት። ዘሩ ጭቃው ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀብሮ ይቆያልና። ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት በመጀመሪያው ወር በዓይን የሚታየውን እንቦጭ ይነቅላል። ልጁ መብላት ይጀምራል፣ መጫወት ይጀምራል፣ ምርመራው ንጹሕ ይወጣል። የቀሩት ሁለት ዓመታት ጭቃው ውስጥ ላለው ዘር ናቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ድኖ አይተውታል፤ እርሻው ይጠብቃል፣ ብሩ አልቋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው። በእነሱ ቦታ ብንሆን ሁላችንም ያንኑ ባሰብን። ጭቃው ግን አይታይም።

የኛ ወጣት በሽታ ሌላ ዓይነት ነበር፤ ዝግተኛው የማየሎይድ ሉኪሚያ። የዚህ በሽታ ታሪክ ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ላይ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በበሽተኞች ሴል ውስጥ አንዲት ያነሰች ክሮሞሶም አዩ። ለምን እንዳነሰች አላወቁም። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች ተመራማሪ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳየች። ከዚያ ልውውጥ የሚወለደው ፕሮቲን «ተራባ» እያለ ሴሉን እንደሚነዳ ታወቀ። በ2001 ያንኑ ፕሮቲን የሚያስር ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን በአሜሪካ ተፈቀደ። 41 ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላው ከተወበት እየቀጠለ የመጣ ሥራ ነው። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት የሚገድል በሽታ በቀን አንድ ጊዜ በሚዋጥ ክኒን የሚኖሩበት ሆነ፤ እንደ ስኳር፣ እንደ ግፊት።

ዋጋው ግን ለሩዝ አራሽ የማይታሰብ ነበር። የማክስ ፋውንዴሽን በሚባለው ድርጅት በኩል ክኒኑ በነጻ ለድሃ አገሮች ሕሙማን እንዲደርስ ሆነ፤ በአገራችንም ሕሙማን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል አገኙት። የኛ ወጣት ሪፈር ተጽፎለት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያ ደረሰ። በሦስተኛው ወር ጣፊያው ወደ ቦታው ተመለሰ። በዓመቱ አገባ።

ቀጥሎ ያለውም ይነገርልኝ ብሏል። በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ደረሰ። ቀጠሮው ከአጨዳው ጋር ገጠመበት። «ደህና ነኝ፤ ከአጨዳ በኋላ እሄዳለሁ» አለ። ከአጨዳ በኋላ ውቂያ መጣ፣ ከውቂያ በኋላ ሰርግ። አራት ወር ያለ ክኒን ቆየ። ሲመለስ ነጭ ሴሉ እንደገና ወጥቶ ነበር። ዕድለኛ ነው፤ ክኒኑን ሲጀምር በሽታው ታዘዘለት። ለሁሉም ግን አይታዘዝም። መድኃኒቱን የለመደ ሴል አንዴ ከበቀለ የሚያስቆመው ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱም በእጅ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለምትታከሙ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ» የሚያሰኛችሁ ክኒኑ ነው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ መኪና ሊጠፋ ይችላል፤ ክኒናችሁ የመጨረሻው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ።

ለአስታማሚ

ሕመምተኛው አንድ ነው፤ በሽታው ግን ቤቱን ሁሉ ያስተኛል። አስታማሚ ስል በአብዛኛው እናት፣ እህት ወይም ሚስት ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለእነሱ ጥቂት ነገር ልንገር።

ኬሞ የሚወስድ ሰው ቤት ቴርሞሜትር ይኑር። ሙቀቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለጤነኛ ሰው ትንሽ ትኩሳት የሆነው ነጭ ሴል ለሌለው ሰው በሰዓታት ውስጥ ሞት ሊሆን ይችላል። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡት፤ ደም ያፈስሳሉ። የፎገራ ላም ወተት ያኮራናል፤ ለእሱ ግን ፈልቶ ይሁን። ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅርበት። ውኃው ይፍላ፣ እጃችሁ በሳሙና ይታጠብ።

ጥየቃን በተመለከተ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። የታመመ መጠየቅ ትልቁ ባህላችን ነው፤ ያልጠየቀ ይታማል። ነገር ግን በኬሞ ሳምንት ሃያ ሰው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ሲስመው ከሃያው አንዱ ጉንፋን ይዞ ይመጣል። በሩ ላይ ቆማችሁ «እግዜር ይማርህ» በሉት፤ ይሰማል። ሊጠይቀው የሚወድ ማሳውን ያርምለት፣ ከብቱን ያግድለት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርስለት። ይህ ከማንኛውም ጥየቃ ይበልጣል።

ስለ ጸበልም ዝም ብዬ አላልፍም። ዋንዛዬ ቅርባችን ነው፤ አንዳሳም ሩቅ አይደለም። ማንም ሰው ጸበል እንዳይሄድ አልልም፤ እኔም እሄዳለሁ። በኤችአይቪ ጊዜ ጸበልና ክኒን ተጣልተው ብዙ ሰው ሲያልቅብን፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው መክረዋል። ያ ምክር ለዚህም በሽታ ይሠራል። ክኒኑን በጸበሉ ዋጡት።

ሌላው ከባዱ ነገር እውነቱን መደበቅ ነው። ቤተሰብ ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርቶ «ለእሱ አትንገረው» ይላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ መርዶን እንኳ በዘዴ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ነገር ግን የሚታከመው ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው የሁለት ዓመት ቀጠሮ እንዴት ያከብራል? በዘዴ ይነገረው፤ በሚወደው ሰው አፍ ይነገረው፤ ግን ይነገረው።

ብሩ፣ ደሙና መዝገቡ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶ 80 በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች 30 አይሞሉም። ምክንያቱን ሲዘረዝርም መድኃኒት ማጣትን ብቻ አይጠቅስም። ዘግይቶ መምጣት፣ በሌላ በሽታ ስም መታከምና ማቋረጥ አብረው ተቆጥረዋል።

እዚህ ሜዳ ላይ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በመላ አገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። መድን ያለው ሰው በጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሲሄድ ሸክሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ደብተራችሁን በጊዜው አሳድሱ፤ ሪፈሩንም አትዝለሉ። ከሐሙሲት ባሕር ዳር የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም፤ በጎንደርም የካንሰር ሕክምና አለ፤ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ መሄድ የለበትም።

መድኑ የማይሸፍነው ግን አለ፤ የመኪናው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው እህል። በሬ የሚሸጠው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ከክፍለ ሀገር የመጡ ካንሰር ያለባቸውን ልጆች ከነአስታማሚያቸው ያሳርፋል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። ይህን ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በሉኪሚያ ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ናቸው። ኀዘናቸው ለሌላው ልጅ ማረፊያ ሆነ።

ቀጥሎ ደም ነው። ኬሞ የሚወስድ ሰው መቅኔው እስኪያገግም በሌላ ሰው ደም ይኖራል። ቀይ ደም በማቀዝቀዣ ወደ 35 ቀን ይቆያል። ፕሌትሌት ግን የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው፤ አጠራቅሞ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይቻልም። ዛሬ ማታ ለሚነስረው ልጅ የሚሆነው በዚህ ሳምንት የተሰጠ ነው። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ፣ ጤነኛና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። በክረምት፣ ተማሪ ሲበተን፣ ከዚያም ወባ ሲበዛ፣ ደም ይጎድላል። በዚያን ጊዜ የሚሰጥ የገበሬ ክንድ ዋጋው ብዙ ነው።

የመጨረሻው ምርምር ነው። ምርምር ሲባል ነጭ ጋዋንና ውድ ማሽን ይታየን ይሆናል። ግን አንድ ታሪክ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 ዴኒስ በርኪት የተባለ ቀዶ ሐኪም በኡጋንዳ የልጆችን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር ጻፈ፤ ኋላ ሊምፎማ መሆኑ ታወቀ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና ተነሥቶ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየሆስፒታሉ እየገባ ፎቶ ያሳይና «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልሶቹን ካርታ ላይ ሲያሰፍር በሽታው የሚገኘው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባ በበረታበት አገር ሆነ። ከበርኪት ሥራ ተነሥተው እነ ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1964 በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ የመጀመሪያውን ቫይረስ አገኙ። መነሻው በየገጠሩ ሆስፒታል «አዎ፣ አይተናል» ብሎ የመለሰው ሰው ነበር።

በአዲስ አበባ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የካንሰር መዝገብ ይያዛል። የኛ ሜዳ ታማሚ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀበራል። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፤ በወባ መድኃኒት ያልዳነ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የሚደማ ልጅ ስታዩ ጻፉት። የት ቀበሌ፣ ስንት ዓመቱ፣ ምን እንደሚሠራ ጻፉ። ሐኪም «ናሙናህን ለጥናት እንውሰድ?» ሲል ምን እንደሚያደርግበት ጠይቁት፣ ከተግባባችሁ ፍቀዱለት፤ ባትፈቅዱ ሕክምናችሁ አይቀርም።

ለሩዝና ለሽንኩርት አምራቾች ደግሞ ከምርምር የመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ብዙ የምንረጨውን ግላይፎሴት የተባለ የአረም መርዝ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስሙ አብሮ የተነሣውም ከሊምፎማ ጋር ነው። ክርክሩ አላለቀም። እስኪያልቅ ድረስ ግን አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሆናችሁ አትርጩ። የመድኃኒቱን ዕቃም አጥባችሁ የውኃ መቅጃ አታድርጉት።

ወደ ገበያችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ለዕድር ዳኞች አንድ ልመና አለኝ። ዕድራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለሐዘንተኛው ብር ያወጣል። ማንም ከዚህ አይጎድልም። ከዚያ ብር ጥቂቱን ጥሩምባው ሳይነፋ አውጡት። ሪፈር ተጽፎለት የመኪና ያጣ የዕድር አባል ሲኖር ደርሶ መልሱን ዕድሩ ይክፈልለት። በአጨዳ ወር ቀጠሮ ያለበትን ሰው ማሳ ወንፈል ገብታችሁ እጨዱለት። የኛን ወጣት ያን ኅዳር አምስት ሰው ቢያግዘው ኖሮ ክኒኑ አይቋረጥበትም ነበር። ለአንድ ቀን የአምስት ሰው ማጭድ ነው የጎደለው።

ጉባኤያችሁ በሚቀጥለው እሑድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ነገሩን በዚያ ላይ አንሡት። እኔ ጥያቄ ያለው ካለ ገበያው እስኪፈታ እዚሁ ነኝ፤ ስላይዱንም ይዤው መጥቻለሁ፣ ማየት የሚፈልግ ወደ ማይክሮስኮፑ ይጠጋ።